ዘመድ የማያውቅ ዕጣ

ሰኞ

የብረት ሠሪዎች ጎዳና ለእኔ ተሰጠኝ። ኃላፊው ጠዋት አስጠርቶ ፋይሉን ፊቴ አስቀመጠና፣ መንገዱ ሊሰፋ ነው፣ ሱቆቹ በሙሉ ይነሳሉ፣ ግን አንድም ሰው ሜዳ ላይ እንዳይወድቅብኝ አለ። ግማሾቹ ጎዳናው ጫፍ ላይ ተሠርቶ እያለቀ ያለው ፎቅ ውስጥ ይገባሉ፤ የተቀሩት ከከተማው ዳር የተዘጋጁት ሼዶች ይሰጧቸዋል። ማን የት እንደሚገባ የሚወሰንበትን መንገድ አምጪ ነው የተባልኩት።

አክስቴ እዚያ ጎዳና ላይ ሱቅ እንዳላት ሳልደብቅ ነገርኩት። እንዲያውም ደስ አለው። ሰዉ ያምንሻል አለኝ።

«ማንም አይፈናቀልም» የሚለው ቃል ፕላኑ ውስጥ እንዲገባ ስንት ስብሰባ ተጨቃጭቄበታለሁ። ዛሬ ታትሞ፣ ማኅተም አርፎበት በዓይኔ አየሁት። ደስ ብሎኛል። ደስ ሊለኝም ይገባል።

ረቡዕ

ዕጣ። ሌላ መላ የለውም።

ባለፈው የአትክልት ነጋዴዎች የተነሱ ጊዜ ምድር ቤቱን በሙሉ የአንዱ ሹም አማችና የሌላው ሹም የአጎት ልጅ ወሰዱት። ስንት ዓመት እዚያው ቲማቲም ሲሸጡ የኖሩት ሴቶች ሳጥን ተሸክመው ደረጃ ሲወጡ ከረሙ። ዕጣ ግን ዘመድ አያውቅም። ለኃላፊው ላስረዳው ጀምሬ ንግግሬን አላስጨረሰኝም፤ በጣም ጥሩ፣ ጻፊው አለ። ለክርክር ብዬ ያሰናዳሁት ሁሉ አፌ ውስጥ ቀረ።

ማታ ለባለቤቴ ስነግረው «እንዲህ ቶሎ እሺ የሚል አለቃ ካየሽ ኪስሽን ፈትሺ» ብሎ ሳቀ። እሱ አስተማሪ ነው፤ የሚያውቀው አለቃ አንድ ርዕሰ መምህር ብቻ ነው። አልሳቅሁለትም።

ዓርብ፣ ማታ

ቀኑን ሙሉ ሜትር ይዤ ጎዳናው ላይ ዋልኩ። ቤቴ ገብቼም ጆሮዬ ውስጥ ብረት ይቀጠቀጣል።

ከላይኛው ጫፍ ጋሽ መቀስ አሉ። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያውቅ የለም፤ ላሜራ እንደ ጨርቅ ስለሚቆርጡ መቀስ ተብለው ቀሩ። ደንበኛ የሚመጣው እሳቸው ጋ ነው። የበሩን ልክ ተቀብለው፣ ዋጋ ተስማምተው፣ ቆርጠው ከፊት ለፊታቸው ላለው አጣፊ ያሻግሩለታል። አጣፊው ጠርዙን አጥፎ ለበያጁ ያቀብላል፤ በያጁ ብልጭታ የሚሉት ረጅም ሰውዬ ነው። ከብልጭታ ወደ ማጠፊያና ቁልፍ ገጣሚው፣ ከገጣሚው ታችኛው ጫፍ ላይ ወዳለችው ወደ አክስቴ። እሷ ዝገት መከላከያውን ቀብታ፣ ቀለሙን ነፍታ፣ አድርቃ ታስረክባለች። ከላይ ላሜራ ሆኖ የገባው ከታች በር ሆኖ ይወጣል። ቅዳሜ ከሰዓት ጋሽ መቀስ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ይተሳሰባሉ። ውል የለ፣ ፊርማ የለ።

ሥራዬን ግን መከራ አደረጉት። ሜትሩን ከግድግዳ ግድግዳ ዘርግቼ ልኩን ላነብ ስል «እህት፣ በር እያለፈ ነው» ይሉኛል። ሜትሬን ሰብስቤ በሩ እስኪያልፍ እቆማለሁ። እንደገና እዘረጋለሁ፤ እንደገና በር። በመጨረሻ ተናደድኩ። ሁሉም የየራሱን ሥራ በየራሱ ሱቅ ውስጥ ቢሠራ ኖሮ በግማሽ ቀን እጨርስ ነበር።

አክስቴ ጋ የደረስኩት ፀሐይ ካዘቀዘቀ በኋላ ነው። የአፍ መሸፈኛዋን አገጯ ላይ አውርዳ፣ ቀለም መንፊያዋን እንደያዘች ሳቀችብኝ። «የእኔን ለክተሽ ምን ልታገኚ ነው? እኔ እኮ ጅራት ነኝ፤ ጭንቅላቱን ላይ አልፈሽው መጣሽ።» ቀልድ ትወዳለች። ርዝመት፣ ስፋት፣ የባለቤት ስም። ጻፍኩና ሄድኩ።

ማክሰኞ

ልኬቱን ኮምፒውተር ላይ እያስገባሁ ነው። የቢሮው ኢኮኖሚስት በትከሻዬ በኩል አጎንብሶ አየና እነዚህ ሰዎች ለማን ነው የሚሸጡት አለኝ። ለደንበኛ አልኩት። ሁሉም? አለ። ሠንጠረዡ ላይ እንደዚያ የሚል ዓምድ የለም። አሁን አዲስ ዓምድ ልጨምር ብል ተመልሼ መጠየቅ ሊኖርብኝ ነው፤ ስብሰባው ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው። በኋላ እናየዋለን አልኩት። ሻዩን ይዞ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ።

ሐሙስ

ስብሰባው ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ነበር። የልጆች አግዳሚ ወንበር ላይ ጎልማሶች ጉልበታቸውን አገጫቸው አድርሰው ተቀምጠዋል።

ከመጀመሩ በፊት እጄን ልታጠብ ወጣሁ። በግድግዳው ማዶ ሁለት ወንዶች ያወራሉ። አንደኛው፣ የአክስቷ ቦታ ተይዞ አልቋል፣ ይቺ የዕጣ ወሬ ለእኛ ለሞኞቹ ነው አለ። ሌላው ሳቀ። ውኃውን ሳልዘጋ ነው ተመልሼ የገባሁት።

ካስረዳሁ በኋላ ጋሽ መቀስ ተነሱ። በጣም ረጋ ብለው ነው የተናገሩት። ሁላችንም አንድ ዕጣ እናውጣ አሉ። ዳር ከተማ ከደረሰን ሁላችንም ዳር ከተማ፣ ፎቅም ከደረሰን ሁላችንም ፎቅ፤ የትም ይሁን፣ ብቻ አትለያዩን። አጨበጨቡላቸው።

አይቻልም አልኩ። በቡድን ከተፈቀደ ነገ ደግሞ ሌላው ቡድን ነን ብሎ ይመጣል፤ አድልዎ የሚገባውም በዚያች ቀዳዳ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው እኩል ነው፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ዕጣ። ስናገር የዚያ ሰውዬ ሳቅ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። አክስቴ ከኋላ ወንበር ላይ መሬት መሬት ታያለች።

መልሴ ትክክል ነው። ኃላፊውም ቆንጆ ነው የመለስሽው ብሎኛል።

እሁድ

አክስቴ ሳትደውል መጣች። ባለቤቴ ሁኔታዋን አየና ዳቦ ልግዛ ብሎ ወጣ።

ውኃ ሰጠኋት። ብርጭቆውን ይዛ ሳትጠጣ ቆየች።

«ልጄ፣ ጋሽ መቀስ ያሉትን ነገር እንደገና እዪው።»

«እትዬ፣ አይሆንም። ተወስኗል።»

«ለእኔ ብዬ አይደለም።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ዕጣ ዘመድ አያውቅም፤ ጥሩነቱም እሱ ነው።»

«እኛ ግን እንተዋወቃለን» አለች።

ድምፄ ከፍ አለ። ሰው ምን እያለ እንደሆነ ታውቂያለሽ? ስሜ እንዲጠፋ ነው የምትፈልጊው? አልኳት። እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝን ሴት እንደዚያ ብዬ ጮኽኩባት። ውኃውን ጠጥታ፣ ብርጭቆውን አጥባ ደፍታ፣ ባልሽን ሰላም በይልኝ ብላ ወጣች።

የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። ቦታ ፈልጋ ከሆነ በግልጽ ብትለኝ ይሻል ነበር። ዙሪያውን መዞሯ ነው ያናደደኝ።

ረቡዕ

ዝናቡ ጀመረ። የቢሮው ጣሪያ ያፈሳል፤ የከተማውን ውኃ መውረጃ የምንነድፈው ባልዲ ደቅነን ነው።

ኃላፊው የመምሪያው ኃላፊነት ቦታ ክፍት መሆኑን እግረ መንገዱን ነገረኝ። ዕጣው ካማረ ለሌሎች ሰፈሮችም ተሞክሮ ይሆናል አለ። ስለ ሹመቱ አላሰብኩም። ሥራው በደንብ እንዲሠራ ብቻ ነው የምፈልገው።

ለአክስቴ አልደወልኩላትም። እሷም አልደወለች።

ሰኞ

የዕጣው ሳጥን ይታዘዝ፣ በአራቱም በኩል መስታወት፣ ውስጡ የሚታይ። ታዛቢዎች ከጎዳናው ይመረጡ። ስም በሀ ሁ ተራ። ድምፅ ማጉያ። ድንኳን፣ ዝናብ ቢመጣ። ለአክስቴ ልደውልላት።

ረቡዕ

አልደወልኩም።

ቅዳሜ፣ የዕጣው ቀን

አልተጭበረበረም። ማንም ሰው መጥቶ ቢጠይቀኝ ይህንን መናገር እችላለሁ። ሳጥኑን ያገላበጡት ራሳቸው ናቸው፤ እኔ በሦስት ክንድ ርቀት እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ቆሜ ነበር።

ጋሽ መቀስ ዳር ከተማ፣ ሼድ። አጣፊው ፎቅ፣ ሁለተኛ። ብልጭታ አራተኛ ፎቅ። ገጣሚው ሼድ፣ ከጋሽ መቀስ በተለየ ግቢ። አንድ ወጣት የመስኮት ፍርግርግ ሠሪ ምድር ቤት ደርሶት ዘለለ።

አክስቴ ተጠራች። ሦስተኛ ፎቅ ደረሳት፣ ከኮሪደሩ መጨረሻ፣ መስኮት የሌለው። እፎይ አልኩ። ምድር ቤት ቢደርሳት ኖሮ ምን ይባል ነበር? ወረቀቱን አነበበች፣ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ከሩቅ እጇን አነሳችልኝ። እኔ ራሴን ብቻ ነቀነቅሁ፤ ሰው ያያል።

ጋዜጠኛ መጥቶ ነበር። በግድግዳው ማዶ ሲያወራ የሰማሁት ሰውዬ ይመስለኛል፣ መጥቶ ጨበጠኝ፤ ይቅርታ፣ አምተንሽ ነበር አለ። ወደ ቤቴ ስመለስ እግሬ መሬት የነካ አይመስለኝም ነበር።

ማክሰኞ

ሹመቱ መጣ፤ ለጊዜው «ተጠባባቂ» ነው። መስኮት ያለው ክፍል ተሰጠኝ።

ኃላፊው ኮሪደር ላይ በስልክ ሲያወራ የክፍሌ በር ክፍት ነበር። ማኅበር ሆነው ቢመጡብን ለዓመትም አይወጡልን ነበር፤ አሁን ሁሉም የየራሱን ቁልፍ ይዞ ሄደ ይላል። ከማን ጋር እንደሚያወራ አላወቅሁም። አልጠየቅሁም።

ሐሙስ

ጎዳናው ፈረሰ። ከታች ነው የጀመሩት። ጠዋት የአክስቴ፣ ምሳ ሰዓት ላይ የብልጭታ። የጋሽ መቀስን ሳላይ ተመለስኩ፤ ስብሰባ ነበረብኝ።

እሁድ (ብዙ ሳምንት ሳልጽፍ ቀረሁ)

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይላሉ።

የፎቁ አስተዳደር ከምድር ቤት በላይ ብየዳ ክልክል ነው የሚል ማስታወቂያ ለጠፈ። የእሳት አደጋ ደንብ ነው፤ ደንቡም ልክ ነው። ከዕጣው ሰነድ ጋር አንድ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ አንድ መደርደሪያ ላይ ሲኖር የነበረ ደንብ። ብልጭታ ክፍሉን ለሞባይል ጠጋኝ አከራይቶ የሰው ግንባታ ላይ በቀን ሥራ ይበይዳል አሉ።

ይህን የነገረኝ ኢኮኖሚስቱ ነው። ነገ ወደ ሼዶቹ እሄዳለሁ።

ሰኞ፣ ማታ

ሄድኩ። ከአስፋልቱ ወርጄ ጭቃውን አቋርጬ። ሼዱ ጥሩ ነው፤ ብርሃን አለው፣ ወለሉ የተስተካከለ ነው፣ ከድሮው ሱቃቸው በእጥፍ ይሰፋል። ጋሽ መቀስ መሐሉ ላይ በርጩማ አድርገው ተቀምጠዋል። የተቆረጠ ላሜራ ግድግዳውን ተደግፎ ጠርዙ ዝጓል።

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ በወደድኩ። መኪና ተከራይተው ላሜራውን ከተማ መሐል ለአጣፊው ሞክረው ነበር፤ ሊፍቱ ውስጥ አልገባ አለ፣ በደረጃ ሲያወጡት ግድግዳ ፋቀ ተብለው ተቀጡ። ከዚያ ተመልሶ ለበያጅ፣ ከዚያ ለገጣሚ፣ ከዚያ ለቀለም። የአንድ በር መጓጓዣ ከበሩ በለጠ። ደንበኛውም የተዘጋጀ በር ከመጋዘን መግዛት ጀመረ። «ቦታ አልከለከላችሁንም» አሉኝ፤ «ቦታስ ሰጥታችሁናል።»

ከሞላ ጎደል ባዶ በሆነ አውቶቡስ ስመለስ ነገሩ ሁሉ ተራ በተራ መጣልኝ። አንድ ፋብሪካ ነበር። ጣሪያና አጥር ስላልነበረው ፋብሪካ መሆኑ አልታየኝም። ማሽኑ መሐል ቆሜ፣ በሩ ሲያልፍ ሜትሬን እየሰበሰብኩ፣ አላስለካ አሉኝ ብዬ ስናደድ ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው እኩል ሰጠሁ፤ እኩል ያልኩት እያንዳንዱን ሰው ለብቻው ቆጥሬ ነው። የአትክልት ተራውን የሹሞች ዘመድ ዘረፈው፤ እኔ ደግሞ ያ እንዳይደገም ብዬ እነዚህን በተንኳቸው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

ግን አንዱ ነገር አሁንም ይቆረቁረኛል። ጋሽ መቀስ በአዳራሹ ውስጥ ለምነውኝ ነበር። ሰምቻለሁ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ነው፤ ከሰው ፊት አንዴ ዕጣ ብያለሁና።

ረቡዕ

ኃላፊው የአናጢዎቹን ሰፈር ፋይል አመጣልኝ። አንድ ሰፈር ሙሉ እንጨት ሰንጣቂ፣ ላጊ፣ ወንበር ሠሪ፣ ቫርኒሽ ቀቢ። በዚያው በዕጣው ዘዴ ይሁን፣ ፈርሚና ዓርብ ላኪልኝ አለ። ባለፈው ያየነውን ችግር ነገርኩት። የትኛው ችግር? አለኝ። ሜዳ ላይ የቀረ ሰው አለ? የለም አልኩ። ታዲያ?

ፋይሉ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

ሐሙስ፣ ማታ

አክስቴ ጋ ሄድኩ። ከዕጣው በኋላ መሄዴ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ይህን መጻፍ ያሳፍራል።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ኮሪደሩ ጨለማ ነው። አጠገቧ ጫማ የምትሸጥ ሴት ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ ነበር። ማንን ፈልገሽ ነው አለችኝ። ነገርኳት። ፊቷ በራ። አንቺ ነሽ እንዴ ያቺ ለአክስቷ እንኳን ያላደላችው? ስላንቺ አውርታ አትጠግብም አለችኝ። ብረት ሠሪዎቹ ተቆጥተው ስሜን ሲያነሱ አክስቴ ትነሳና፣ የእኔ ልጅ ንጹሕ ናት፣ ማስረጃዋ እኔ ነኝ፣ የእኔን ክፍል መጥታችሁ እዩ ትላቸዋለች።

ከዚያ ገባሁ።

ኮምፕረሰሯን በጨርቅ ሸፍናለች። ሽታ ስላለው ቀለም መንፋት ከልክለዋታል፤ ቢፈቅዱላትም የሚነፋ የሚያመጣላት የለም። ጥቃቅን ዕቃዎችን በብሩሽ እየቀባች ቆይታ ነበር፤ እሱንም ልትተወው ነው። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ለአንድ ሥራ ተቋራጭ የደረጃ መደገፊያ ብረት ልትቀባ ትሄዳለች፣ በቀን ሒሳብ። በዚህ ዕድሜዋ መሰላል ላይ። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ቁጭ በይ ብላ፣ አንዱን በርጩማ በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋልኝ ነው።

ሌላ ነገር ለማውራት ሞከርኩ። ስለ ባለቤቴ፣ ስለ ዝናቡ። አንጀቴ አልቻለም።

«እትዬ፣ ተሳስቻለሁ። ዕጣው ስህተት ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ያን ጊዜውኑ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

ብሩሹን ጋዝ ውስጥ ነክራ ቀስ ብላ አጠበችው። በጨርቅ አደረቀችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ፤ ቁጣ የለባትም።

«ነግሬሽ ነበር እኮ፣ ልጄ። ለራሴ የለመንኩ መሰለሽ።»

ዓርብ

አልፈረምኩም። ኃላፊው አልተቆጣም። ደክሞሻል፣ ዕረፍት ውሰጂ አለኝ፤ ፋይሉንም ከጠረጴዛዬ ላይ አንስቶ ለምክትሉ ሰጠው። ምክትሉ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ፈረመ። «ተጠባባቂ» የሚሉት ቃል ለምን እንደተጻፈ አሁን ገባኝ።

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ አናጢዎቹ ሰፈር ሄድኩ። ፋይል አልያዝኩም፣ ሜትርም አልያዝኩም። ከላይኛው ጫፍ ያሉት ሽማግሌ መጋዝ እየሳሉ ነበር። ከከተማ ፕላን ቢሮ መሆኔን፣ ቢሮው ግን እንዳልላከኝ ነገርኳቸው። ለዕጣ ሲጠሯችሁ ሁላችሁም አንድ ዕጣ ጠይቁ፣ እምቢ ቢሏችሁም በየተራ እየተነሳችሁ ጠይቁ፣ የየብቻ ቁልፍ አትቀበሉ አልኳቸው።

መጋዙን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። እዚህ ሰፈር ዘመድ አለሽ እንዴ አሉኝ። የለኝም አልኩ።

«ታዲያ ምን አግብቶሽ ነው?»

ሰፈሩ ሥራውን እየዘጋ ነበር፤ አንዱ የተላገ ጣውላ ተሸክሞ በመሐላችን አለፈ፣ እግሬን ሰብስቤ አሳለፍኩት። ከዚያ አጠገባቸው ግንድ ላይ ቁጭ ብዬ የአክስቴን ነገር ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው።